«ሁሉንም እኩል ነው የማስተምረው»፦ ለአንዲት የ4ኛ ክፍል መምህርት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። 63 ተማሪዎች አሉኝ። አሥራ አምስት የሚሆኑት አንድ አንቀጽ አንብበው አይጨርሱም። አንዱ ልጅ ከጋሞ የመጣ ነው። ሽሮ ሜዳ ከአጎቱ ጋር ሽመና ይሠራል፤ አማርኛ ስለሚቸግረው ልጆቹ ይስቁበታል። አንዷ ዘመድ ቤት ነው የምትኖረው። አርፍዳ ትመጣለች፣ ክፍል ውስጥም ትተኛለች። ሌላው ከሰሌዳ ሲገለብጥ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ ሰነፍ ነው ይሉታል። የጎበዞቹ ወላጆች ‹ልጆቻችንን ወደ ኋላ አስቀረሽብን› ይሉኛል። ዳይሬክተሩ ‹መጽሐፉን ጨርሺ› ይለኛል። እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማስተምረው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከጥያቄሽ ውስጥ በጣም የወደድኩት ልጆቹን ለየብቻ መግለጽሽን ነው። ብዙ መምህር «ደካማ ተማሪዎች አሉኝ» ብሎ ያልፋል። አንቺ ግን አንዱ ሲገለብጥ እንደሚሳሳት፣ አንዷ እንደምትተኛ አይተሻል። ግማሹ ሥራ እዚያ ላይ ነው። ማርክ ሊስቱ ላይ ሁሉም 30 እና 35 ሆነው ይሰለፋሉ። ክፍል ውስጥ ግን የአንዱ ችግር ምናልባት ዓይኑ ነው፤ የሌላው ቋንቋ ነው፤ የልጅቷ እንቅልፍ ነው። አሥራ አምስቱ ደግሞ 1ኛና 2ኛ ክፍል ላይ ሳይዙት ያለፉት ነገር አለ። ስለዚህ አንድ ዓይነት መድኃኒት ለሁሉም አይሠራም። እያንዳንዱን ምን እንደያዘው ማወቅ አለብሽ። ይህ ደግሞ አብዛኛው በጠመኔ፣ በወረቀትና ባንቺ ጊዜ የሚሠራ ነው።

ስለ ጊዜ ካነሳን አይቀር፣ ከራስሽ ጊዜ እንጀምር። እኩል አስተምራለሁ ያልሽው ከልብሽ እንደሆነ አምናለሁ። ግን አንድ ቀን ይህን ሞክሪ። የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ክፍት ክፍለ ጊዜ ላላት ባልደረባሽ ስጫት። ከኋላ ትቀመጥ። ጥያቄ በጠየቅሽው ልጅ ስም ላይ አንድ ጭረት፣ ደብተሩን ጎንበስ ብለሽ ባየሽለት ልጅ ስም ላይ ሌላ ጭረት ታድርግ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ወረቀቱን አብራችሁ እዩት። ይህን የሞከሩ መምህራን አብዛኞቹ የሚያገኙት ተመሳሳይ ነው። ጭረቱ ፊት በተቀመጡትና እጃቸውን በሚያወጡት ልጆች ላይ ይከመራል። አንድም ጭረት የሌላቸው ብዙ ናቸው። መምህሯ ክፉ ስለሆነች አይደለም። እጅ ያወጣ ልጅ ትምህርቱን ያስኬድልሻል፤ ዝም ያለው ልጅ ያዘገይሻል። መጽሐፍ ጨርሺ የተባለች ሰው ወዴት እንደምታዘነብል ግልጽ ነው። ውጤቱ ግን በቤቱ አስጠኚ ያለው ልጅ ክፍል ውስጥም ያንቺን ጊዜ ይወስዳል።

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያገኘችው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉት መልሱ ረዘመ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ዝም የሚሉት ልጆችም መናገር ጀመሩ። ስለዚህ ጠይቂና በሆድሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይጨንቃል፣ ቻይው። ከዚያ «ከጎንሽ ካለችው ጋር ተነጋገሩበት» በይ። ከተነጋገሩ በኋላ ዝምተኛዋን ብትጠይቂያት የጓደኛዋንም ቢሆን የምትናገረው መልስ ይኖራታል።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። ሲገለብጥ ከሚሳሳተው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ቶሎ መፍትሔ ሊያገኝ የሚችለው እሱ ነው።

ዓይኑን ፈትሺ። ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አንቺ ልታደርጊው የምትችይው ፍተሻ አለ። ነጭ ወረቀት ላይ የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ቅርጽ በጥቁር እስክሪብቶ አድምቀሽ ሣይ። ባለ ሦስት ጥርሷን ማለቴ ነው። ቁመቷም ስፋቷም 1.75 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ እያንዳንዱ ጥርስና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት 3.5 ሚሊ ሜትር። ብርሃን ባለበት ቦታ ልጁን ከወረቀቱ 6 ሜትር አርቀሽ አቁሚው። በሜትር ለኪ እንጂ በርምጃ አትገምቺ። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍን፣ ግን አይጫነው። ወረቀቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያዟዟርሽ አምስት ጊዜ አሳዪው። ጥርሶቹ ወዴት እንደዞሩ በጣቱ ያመልክት። ማንበብ ስለማያስፈልገው ፊደል የማያውቅ ልጅም ይችለዋል። ከአምስቱ አራቱን ካላገኘ፣ በየትኛውም ዓይኑ ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ከዚያ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሊመሩት ይችላሉ። ለወላጁ የምትሰጪው ማስታወሻ ላይ «ልጁ ሰሌዳ አይታየውም» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። «ትምህርት ላይ ይቸገራል» ካልሽ ልጁ የሚያተርፈው ዱላ ነው።

ቀጠሮው እስኪደርስ ፊት አስቀምጪው። ሰሌዳ ላይ የጻፍሽውን ጮክ ብለሽ እያነበብሽ ጻፊ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሰሌዳው ላይ የምታርፍ ከሆነ ከኋላ ሆነሽ ራስሽ እዪው፤ ላንቺም የማይታይ ጥግ ይኖራል። መፈተሻ ወረቀቱን ካዘጋጀሽ ደግሞ በሱ ብቻ አታቁሚ። 63ቱንም ፈትሺ። ሳይታወቅላቸው ለዓመታት በግምት የሚጽፉ ልጆች አሉ፤ ራሳቸውም ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ ይመስላቸዋል። ጆሮንም አትርሺ። ጆሮው መግል የሚይዝ፣ ስሙን ከኋላ ስትጠሪው የማይዞር፣ ሁልጊዜ ከጓደኛው ደብተር ላይ የሚያይ ልጅ ካለ እሱም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዓይኑም ጆሮውም ደህና ሆኖ አሁንም ሲገለብጥ የሚሳሳት ከሆነ፣ በክላስተራችሁ (አብረዋችሁ በተመደቡት አጎራባች ትምህርት ቤቶች) የአካቶ ትምህርት መርጃ ማዕከል ወይም የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ አማክሪ።

አሥራ አምስቱ ልጆች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነውና።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀ ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሀ ሁ ብለዋል። በዜማ ከሀ እስከ ፐ ይወርዱታል። ግን በዜማ የያዘውን ልጅ ፊደሉን አዘበራርቀሽ ጠይቂው። «ሙ፣ ቴ፣ ጎ፣ ሺ፣ ር፣ ዳ» ብለሽ ጽፈሽ ጣትሽን አንዱ ላይ አሳርፊ። ልጁ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለሽ። «ተ ቱ ቲ ታ» እያለ ቆጥሮ ነው «ቴ» ላይ የሚደርሰው። በዚህ ፍጥነት አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ አይቻልም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶታል።

33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው። ሁሉም እኩል አይከብድም። ልጆች ሣልስና ኃምስ ይምታታባቸዋል፤ ሊ እና ሌ፣ ኪ እና ኬ። ሳድስ ደግሞ ቋሚ ምልክት የለውም፤ ል፣ ም፣ ር፣ ን እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚለወጠው። ጽሑፋችን ውስጥ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ሳድስ ነው። ስለዚህ «ፊደል አያውቅም» ከማለት «ሳድስ አልያዘም» ማለት ይሻላል። ያን ጊዜ ምን እንደምታስተምሪ ታውቂያለሽ።

አራት ደረጃ ያለው አንድ ወረቀት አዘጋጂ። የተዘበራረቁ ፊደላት፣ አጫጭር ቃላት፣ አራት መስመር አንቀጽ፣ አንድ አጭር ታሪክ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስነብቢው። ለአንድ ልጅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ሌሎቹ ሲጽፉ አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛሽ ጥሪ። የት ላይ እንደቆመ ከስሙ አጠገብ ጻፊ። ይህ ማርክ አይደለም፣ ለማንም አይነገርም።

ከዚያ በቆሙበት ደረጃ ሰብስበሽ አስተምሪያቸው። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ይህን መንገድ በስፋት ሠርቶበታል። ልጆቹ በቀን ለተወሰነ ሰዓት በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው ይቀመጣሉ፤ ሲሻሻሉ ወደ ቀጣዩ ቡድን ያልፋሉ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙት መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ውጤቱን ለዓመታት አጥንተውታል። ይሠራል። ዛምቢያም ተቀብላዋለች። እኛም አገር በደቡብ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስፒድ ስኩል የሚባለው ፕሮግራም ትምህርት ቤት ያልገቡና ያቋረጡ ልጆችን የሦስት ዓመቱን ትምህርት በ10 ወር እያስያዘ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት መልሷል። ልጆቹ አእምሮ አላነሳቸውም። ካሉበት ላይ የሚጀምርላቸው አላገኙም ነበር።

ለብቻሽ አትሸከሚው። በትምህርት ቤታችሁ ሌሎች የ4ኛ ክፍል መምህራን አሉ። የአማርኛ ክፍለ ጊዜያችሁ በሳምንት ሦስትም ይሁን አራት ቀን በአንድ ሰዓት እንዲሆን ተስማሙ። ያን ሰዓት አንዳችሁ ፊደል ላይ የቆሙትን የሁሉንም ሴክሽን ልጆች ትያዝ፤ አንዷ ቃል ላይ ያሉትን፤ አንዱ የሚያነቡትን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቡድን ብዛቱ ትንሽ ይሁን፤ እዚያ ያለች መምህርትም ከሁሉ የበሰለችዋ ትሁን። ብዙ ቦታ የምናደርገው ግልብጡን ነው፤ ጎበዙን ለጎበዝ መምህር እንሰጣለን።

የጋሞውን ልጅ በተመለከተ፣ አማርኛ አለመቻሉን ትምህርት አለመቻል አታድርጊበት። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር እንዳለባቸው ተቀምጧል። ልጁ አገሩ ትምህርት ጀምሮ ከነበረ የለመደው በላቲን ፊደል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንበብን አውቆት፣ የግዕዙ ፊደል ብቻ አዲስ ሆኖበት ይሆናል። ጠይቂው። በቋንቋው ስሙንና የሚያውቃቸውን ቃላት ይጻፍልሽ። ሒሳቡን ደግሞ ያለ ቃል ፈትሺው፤ በቁጥር ብቻ የተጻፈ መደመርና ማባዛት ስጪው። ሸማ የሚሠራ ልጅ ጥለት ሲያወጣ ክር ይቆጥራል። የቁጥር ጭንቅላቱ ከምትገምቺው በላይ ሊሆን ይችላል። ካወቀ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ይሥራ። በቁጥር ሲያሸንፋቸው ሳቁ ይቀንሳል። «የሽመና ልጅ ተነስና አሳየን» ዓይነት ነገር ግን አታድርጊ። ልጁ እንደ ማንም ተማሪ ነው መታየት የሚፈልገው።

የሚስቁበትን አንድ ጊዜ አጥብቀሽ ንገሪያቸው። በሰው አነጋገር መሳቅ እዚህ ክፍል ውስጥ የለም በይ፤ በማንም ይሁን። ከዚያ አንድ ታጋሽ ልጅ አጠገቡ አስቀምጪ። መጀመሪያ ላይ የሚያስፈልጉትን የክፍል ቃላት አስይዢው፤ «አልገባኝም»፣ «ይድገሙልኝ»፣ «መውጣት እችላለሁ?» የሚሉትን። ቋንቋ እስኪገባው ዝም ቢል አትጨነቂ። ይሰማል።

የሽመናውን ነገር ግን ዝም አትበይ። አጎቱን ጥሪውና ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠይቂው። ብዙዎቹ ቤተሰብ ናቸው፤ ልጁ እንዲማር ይፈልጋሉ፤ በክብር ካነጋገርሻቸው የጥናት ሰዓት ይለቃሉ። ለደላላ ተሰጥቶ የመጣ፣ የሚደበደብ ወይም ሌሊቱን የሚሠራ ከሆነ ግን ነገሩ የትምህርት ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅን መቅጠር ይከለክላል። ያን ጊዜ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አሳውቂና የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይያዘው።

የምትተኛዋ ልጅ ታሳስበኛለች። ዘመድ ቤት ያለች፣ የምታረፍድ፣ የሚያንቀላፋት ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ተነስታ፣ ማታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ ናት። ውኃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ትይዛለች፣ ዕቃ ታጥባለች። የአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ይመግባሉ። ትልቅ ነገር ነው። ግን አስቢው፤ ቁርሱ የሚቀርበው ከሰልፍ በፊት ከሆነ እሷ ስትደርስ አልቋል። በሩም ተዘግቶባት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ ይበልጥ ቁርሱ የሚያስፈልጋት ልጅ አንዷ ሳትበላ ትገባለች። ከዚያ ትተኛለች። ከምገባ እናቶቹ ጋር ተነጋገሪና ድርሻዋ ይቀመጥላት። ይህ ዛሬውኑ የሚስተካከል ነገር ነው። ያረፈደን ልጅ በር ላይ ማንበርከክ ወይም መመለስ የሚባለው ልማድ ደግሞ በእኔ እምነት ከነጭራሹ መቅረት አለበት። የሚቀጣው ልጁን ሲሆን ያስረፈደው ግን ቤት ያለው ሰው ነው።

የቤት ሥራ ቤቷ አትሠራም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ወይም ከመውጣቷ በፊት እዚያው ሠርታ ትሂድ። አክስቷን ወይም አሳዳጊዋን ስትጠሪ በወቀሳ አትጀምሪ። «ጎበዝ ልጅ ናት፤ ከረዳችኋት ትደርሳለች፤ ጠዋት እስከዚህ ሰዓት እንድትደርስልኝ» በይ። ቅሬታ ከሆነ የምትሰማው ልጅቷ ማታ ትከፍላለች። ብቻዋን ስታገኚያት ደግሞ በቤት የሚያስፈራት ነገር እንዳለ በቀስታ ጠይቂያት። የሚነካት ሰው ካለ የነገረችሽን ለሌላ ሰው አታውሪ፣ አታስደጋግሚያት፣ በዚያው ቀን ለሚመለከተው አሳውቂ።

ወላጆቹን በተመለከተ ባጭሩ፤ ልጆቻቸው ወደ ኋላ አይቀሩም። የሚያነቡት ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ በዚያው ሰዓት ረዘም ያለ ታሪክ ያነባል፣ ይጽፋል። ይህን አሳዪያቸው፤ የልጁን ደብተር ይዘሽ። አንድ ለአምስት አደረጃጀት ካላችሁ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ብዙ ጊዜ የቡድን መሪው ይሠራል፣ አራቱ ይገለብጣሉ፣ ማርኩ ለአምስቱ ይሆናል። ከቡድኑ ማን እንደሚያቀርብ አንቺ ምረጪ፤ ከሥራው በኋላ እንጂ በፊት አትንገሪያቸው። ያን ጊዜ መሪው ማስረዳት ይጀምራል። ደረጃን ክፍል ፊት ከ1ኛ እስከ 63ኛ ማንበብ ደግሞ ብትተዪው ደስ ይለኛል። 63ኛ የወጣው ልጅ ምን እንዲያደርግበት ነው?

ዳይሬክተሩ ጋ ስትገቢ አታማሪ፤ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። 63 ስም፣ ከየስሙ ጎን የንባብ ደረጃ። «መጽሐፉን ብጨርሰው እነዚህ አሥራ አምስቱ አያነቡትም» በይው። የ12ኛ ክፍል ውጤትን አስታውሺው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ልጆች የወደቁት 12ኛ ክፍል ላይ ብቻ አይደለም። ከነሱ ብዙዎቹ 4ኛ ክፍል ላይ ሳያነቡ መጽሐፉ አልቆባቸው ይሆናል። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂው። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ በአንድ ሰዓት እንዲሆን፣ አርፋጅ ልጆች እንዲገቡና ቁርሳቸው እንዲቀመጥ፣ የዓይን ፍተሻ ለሁሉም ሴክሽን እንዲደረግ። ሦስቱም በጀት አይጠይቁም። መነጽር የታዘዘለት ልጅ ወላጁ መግዛት ካልቻለ ግን ጉዳዩን ወደ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ ውሰጂው። እዚያ ከተቀመጡት አንዱ መነጽር ቤት የሚያውቅ አይጠፋም።

በሁሉም ባንዴ አትጀምሪ። ሰኞ ወረቀቷን ሣይና ሜትር ያዢ። የቁርሱንም ነገር ሰኞውኑ ጨርሺ። የንባብ ፍተሻው ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይውሰድ። ስትጨርሺ ስንቱ የት ላይ እንደቆመ ጻፊልኝና ለእያንዳንዱ ቡድን በየቀኑ ምን እንደምታሠሪ አብረን እናወጣለን።